የጠገበው ሐይቅ

ስልኩ ሲጠራ ጫንያለው ነቀምቴ ውስጥ በከኒሳ ቀሴ በሚባለው ሰፈር በሚገኘው የኪራይ ቤቱ በረንዳ ላይ ተቀምጦ የክረምት ተማሪዎቹን ፈተና ያርም ነበር። ደዋይዋ ደራርቱ ናት፣ አኖ አጠገብ ባለ ሐይቅ ዳር የሚኖረው የጓደኛው የነገራ ታናሽ እህት። ሰላምታ እንኳ አላቀረበችም።

«ጋሼ ጫኔ፣ ነገራን አሰሩት» አለችው። ከዚያ አማርኛው ከዳትና በኦሮምኛ ቀጠለች። ሐይቁን ዓሣ በሚያሰክረው በብርብራ ዛፍ ፍሬ መርዘሃል ብለው የዓሣ ሚዛን ከሚንጠለጠልበት ግንድ ጋር ጠፍረውታል። ቤቱ ሲበረበር አንድ ኬሻ የብርብራ ፍሬ ተገኝቷል። በራሱ ጀልባ መቅዘፊያ እየደበደቡት ነው። «ሊገድሉት ነው። አንተ ስለ ውሃው ታውቃለህ፤ መጥተህ ንገራቸው፣ ማሎ፣ እባክህ!» ከኋላዋ የወንድ ጩኸት ተሰማ፤ መስመሩም ተቋረጠ።

ሚስቱ ሜቲ ከሆስፒታል አዳር መግባቷ ነበር። የነርስ ልብሷን ገና አላወለቀችም። ፊቱን አይታ ምን እንደሆነ ጠየቀችው፤ ነገራት።

«ወደ አኖ? ብቻህን? እዚያ መንገድ ላይ ማን ማንን እንደሚያስቆም ጠፍቶህ ነው?»

«ስልክ ደወሉልኝ እኮ።»

«ተረፈም ደውሎልህ ነበር» አለች ሜቲ፤ ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ደንግጣ አፏን በእጇ ያዘች።

ጫንያለው ጎንበስ ብሎ የጫማውን ማሰሪያ እየቋጠረ ነበር። «ለእሱ ነው የምሄደው» አላት።

ተረፈ ታላቅ ወንድሙ ነው። ያደጉበት ኪራሙ ታጣቂዎች ገብተውበት በነደደ ጊዜ በቆሎ ማሳው ውስጥ ተኝቶ በሹክሹክታ ደውሎለት ነበር። ጫንያለው ነቀምቴ መናኸሪያ ቆሞ መኪና ሲለምን፣ ሾፌር ሁሉ ራሱን ሲነቀንቅበት፣ ያ ስልክ መጥራቱን ቀጠለ፤ በመጨረሻ መጥራቱንም ተወ። ወንድሙን አንስቶ የቀበረው የአጥር ጎረቤቱ የሆነ ኦሮሞ ገበሬ ነው። የዚያ ገበሬ ቤት ደግሞ ሳምንት ሳይሞላው ከሌላ ወገን በመጡ ታጣቂዎች ከነእህሉ ተቃጠለ። ከዚያ ወዲህ ጫንያለው የስልክ ጥሪ በሰማ ቁጥር የበቆሎ ቅጠል ሲንኮሻኮሽ ይሰማዋል።

ሚኒባሱ ከነቀምቴ ወጥቶ ወደ ምሥራቅ ሲያዘግም ከፊት ወንበር ተቀምጦ ጣቶቹን ያፍተለትል ጀመር። ሰማዩ ጠቁሯል። ደመናው አልገለጥ ካለ ሰንብቷል። በየኬላው ወርደው ይፈተሻሉ፣ ተመልሰው ይገባሉ። አንዱ ፈታሽ መታወቂያውን አገላብጦ አየና «የት ነው የተወለድከው?» አለው። «ኪራሙ» ሲለው ፊቱን ትኩር ብሎ ተመለከተው። «እዚያ የቀረ ሰው አለ እንዴ?» ብሎ መታወቂያውን መለሰለት።

የተወለደው በእርግጥ ኪራሙ ነው፤ እናቱ ግን እዚያ የደረሰችው ከወሎ፣ በሰባ ሰባቱ ረሃብ፣ እሱን በሆዷ ተረፈን በጀርባዋ ይዛ ነው። የሺአረግ ዛሬም ከልጇ ቤት ከጓዳ ወዲህ ባለች ክፍል ትኖራለች፤ ከፍራሿ ሥር ቆሎ የተቋጠረባቸው ጨርቆች አይጠፉም። ሜቲ አንሶላ በቀየረች ቁጥር ቆሎው ወለሉ ላይ ይበተናል፣ አሮጊቷም አንድ በአንድ ትለቅመዋለች። የጫንያለው አባት በጥይት አልሞተም፣ ረሃብም አልገደለውም። ሠፈራ ጣቢያው በደረሱ ዕለት የታደለውን ገንፎ እስኪበቃው በላ፤ በማግስቱ ጠዋት ሬሳው ወጣ። ዕለቱን ጠግበው የሞቱት ብዙ ነበሩ ትላለች የሺአረግ። ሥጋ የረሳውን ነገር ድንገት ሲሰጡት ይፈነዳል ትላለች።

ጫንያለው ይህንን እየሰማ አደገ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ስነ ሕይወት ሲማር አንድ መምህር ስለ አልጌ አስተማሩ። ውሃ ውስጥ ስለሚኖሩት፣ የመማሪያ መጽሐፉ ዋቅላሚ ስለሚላቸው፣ ዓይን የማያያቸው አረንጓዴ ነፍሳት ነበር ትምህርቱ። ፎስፈረስ የሚባለው ንጥረ ነገር ከሐይቁ ሲጠፋባቸው ዝም ብለው አያልቁም አሉ መምህሩ። መራባት ያቆማሉ። ከገዛ ቆዳቸው ውስጥ ፎስፈረሱን እያወጡ ለነፍሳቸው ያውሉታል፤ የተገፈፈውን ቆዳ በድኝ፣ ማለትም በሰልፈር፣ ይጥፉታል። ወደ ውሃው ኢንዛይም ይተፋሉ፤ ኢንዛይሙ ከረገፈ ቅጠልና ከሞተ ትል ላይ የቀረችውን ፎስፈረስ ቆርጦ ያመጣላቸዋል። እንዲህ ሆነው ዓመታት ይኖራሉ። አንድ ቀን ፎስፈረስ ከመጣ ግን የሚያስፈልጋቸውን ወስደው አይበቃቸውም። ዕጥፍ ድርብ አድርገው ይውጣሉ፣ በሆዳቸው እየጠቀለሉ ያስቀምጣሉ። የክፍሉ ተማሪ ይህንን በደብተሩ ሲገለብጥ ጫንያለው እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ፍራሽ ሥር ያለው ቆሎ ታይቶት ነበር።

ለሁለተኛ ዲግሪው ያጠናው ጩፋን ነው። ጩፋ አኖ ሳይደረስ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ የሚገኝ፣ ለመስኖ ተገድቦ ሐይቅ ሆኖ የቀረ ውሃ ነው። ከዙሪያው ዳገት ክረምት ክረምት ቀይ አፈር ይወርድበታል። አፈሩ ውስጥ ያለው ብረት ፎስፈረሱን ጨብጦ ወደ ታች ይዞት ይሰጥማል፤ አልጌዎቹም ከዓመት ዓመት እንደራባቸው ይኖራሉ። ስለዚህም የጩፋ ውሃ አፈሩ ከረጋ በኋላ ከወገብ በላይ ገብተው እንኳ የእግር ጣት ያሳያል። የመንደሩ ሰው በዚህ ይኮራል።

ነገራን ያወቀው እዚያ ነው። የአጥማጆች ማኅበሩን ጀልባ የሚቀዝፈው እሱ ነበር። ጫንያለው ከየጥልቀቱ ውሃ በጠርሙስ ይቀዳል፣ ቀለም የሌላት የኬሚካል ጠብታ ይጨምርበታል፤ አልጌዎቹ ርቧቸው ኢንዛይም ተፍተው ከሆነ ውሃው ቀስ እያለ ወደ ቢጫ ይለወጣል። ሁልጊዜም ቢጫ ነበር። ነገራ ጴንጤ ነው፤ ጫንያለውን በኦሮምኛ «ባርሲሳ»፣ መምህር፣ እያለ በዓርብ ጾሙ የሚሳለቅበት ነገር አያጣም።

«ባርሲሳ፣ አልጌዎችህ ዛሬም ጾም ናቸው?»

«ጾም ናቸው።»

«እንዳንተ ኦርቶዶክስ መሆን አለባቸው። ሥጋ አምጥተን ብናስፈስክላቸውስ?»

«ኋላ ጉድህ ይፈላል። ያቺ ምስኪን ፎስፈረስ የገባችለት ቀን ይህ ውሃ ቅጠል ይመስላል፤ ዓሣህም ትንፋሽ አጥሮት ይሞታል።»

እንዲህ እየተባባሉ ዓመታት አለፉ። ጥናቱ ካለቀ በኋላም ጫንያለው ወደ ጩፋ መሄዱን አልተወም። ሐይቁ ባያስፈልገውም ጀልባው ያስፈልገው ነበር። ነገራ ስለ ተረፈ አንድም ቀን ጠይቆት አያውቅም፤ ሲያለቅስ ግን መቅዘፊያውን አስቀምጦ ጀልባውን ዝም ብሎ እንዲንሳፈፍ ይተውለት ነበር።

ደራርቱ በደወለችበት ዓመት፣ በሰኔ መግቢያ፣ ከጩፋ በላይ ያለው ድልድይ ላይ ማዳበሪያ የጫነ የጭነት መኪና ታጣቂዎች አስቆሙ። ሾፌሩንና ረዳቱን አስፋልት ላይ አስተኝተው ገደሏቸው፤ መኪናውን ለኮሱት። እሳቱ ግማሹን በልቶ ቀረ። ያን ዓመት ዳፕ የሚባለው ፎስፈረስ ያለበት ማዳበሪያ በጊዜው ደርሶት የዘራ ገበሬ አልነበረምና፣ ታጣቂዎቹ ዞር ሲሉ የመንደሩ ሰው የተረፈውን ኬሻ ተሸክሞ ወደየቤቱ ገባ። ወዲያው ደግሞ ወታደሮች ቤት ለቤት ሊፈትሹ ነው፣ ኬሻ የተገኘበት የገዳዮቹ ተባባሪ ነው ተብሎ ተወራ። ፍተሻው ተካሄደ፤ አንድም ኬሻ አልተገኘም። ኬሻው የት ገባ ብሎ የጠየቀ የለም።

ከዚያ ጥቂት ሳምንታት ቆይቶ ጫንያለው ጩፋ ሄዶ ነበር። ውሃው በአረንጓዴ ቀለም የተበጠበጠ መስሎ ጠበቀው፤ ዳር ዳሩን ወፍራም ዝቃጭ ይዞታል። ጠብታውን ጨመረ፤ ቢጫ የለም። ሌላ ጠርሙስ ቀዳ፤ ያም እንዲሁ። አልጌዎቹ ጠግበዋል።

«ነገራ፣ ምን ገባበት?»

«ዝናብ ነው» አለ ነገራ። መቅዘፊያውን እያየ እንጂ ዓይኑን እያየ አልነበረም። ቀልዱም በዚያ ቀን አልመጣም።

ሚኒባሱ ድልድዩ ጋ አወረደው። የመኪናው አፅም ገደል አፋፍ ላይ ዘንበል ብሎ ቀርቷል። አንድ ባለሞተር ጅረቱን ተከትላ በምትወርደው መንገድ ይዞት ነዳ። ጭቃው እያንሸራተታቸው ሲወርዱ ጫንያለው የጅረቱን ዳር ያይ ነበር። ከቁጥቋጦው ሥር ነጭ ነገር ተጠምጥሟል። ትንሽ ዝቅ ብሎ ሌላ። ከዚያ ወዲያ ድንጋይ ለድንጋይ፣ ሥር ለሥር፣ እየተቀደዱ ባዷቸውን የቀሩ ኬሻዎች ጎርፉ እንደጣላቸው ተሰትረዋል።

«አቁም» አለው ባለሞተሩን። ወረደና አንዱን በጫማው ገልጦ ጽሑፉን አነበበ። ዳፕ። የአንድ ቤት ጥፋት አይደለም። ፍተሻውን የፈራ ሁሉ፣ እያንዳንዱ ቤት፣ የየራሱን ኬሻ ቀዶ ጅረቱ ውስጥ ደፍቶታል። አዝመራ የሚያበቅል ነገር ውሃን ይገድላል ብሎ ማን ያስባል? የተራበው ሐይቅ ያንን ሁሉ አገኘ፤ ዋጠው፤ አበጠ። ደመናው ሲከርም ፀሐይ ያጣው አልጌ በጅምላ ሞተ፣ ሲበሰብስም የውሃውን አየር ጨረሰው። ዓሣው በዚህ ነው ያለቀው።

ተመልሶ ሞተሩ ላይ ወጣ። «ንዳ! ንዳ!» አለ፤ ጩኸቱ ለራሱም እንግዳ ነበር።

ከሐይቁ አስቀድሞ ሽታው ተቀበላቸው። ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ ሆዱን ወደ ሰማይ አድርጎ ዳርቻውን ሞልቶታል፤ ዝንቡ ከርቀት ይሰማል። ከግጦሹ ላይ የሞቱ ከብቶች እግራቸውን ዘርግተው ተነፍተዋል። ከማኅበሩ ቆርቆሮ ቤት ፊት ሕዝብ ተሰብስቧል፤ በሕዝቡ መሃል ነገራ አለ።

ጫንያለው መጀመሪያ አላወቀውም። ፊቱ የሰው ፊት መልክ አልነበረውም። አንድ ዓይኑ ተደፍኗል፣ ከንፈሩ ለሁለት ተከፍሎ ደም ከአገጩ ወደ ደረቱ ይወርዳል። ክንዶቹን ከግንዱ ኋላ አዙረው በመረብ ገመድ አስረውታል። አንድ ወጣት ከሐይቁ በፕላስቲክ ጆግ አረንጓዴውን ውሃ ቀድቶ መጣ። ሌላው የነገራን አፍንጫ ያዘ።

«መርዝ ካልሆነ ጠጣው! ጠጣው እስቲ!»

ገለበጡበት። ነገራ ተናነቀ፣ ግማሹን ተፋው፣ ግማሹ ወረደ። የብርብራ ውሃ ቢሆን ኖሮ ሰውን ባልጎዳው ነበር፤ የድሮ አጥማጆች ዓሣውን በብርብራ አስክረው ይይዙና ለልጆቻቸው ያበሉ ነበር። ይህ ግን ሌላ ነው። በዚያ ዝቃጭ ውስጥ ያለው የአልጌ ዓይነት ጉበት የሚያቃጥል መርዝ ይይዛል፤ ከብቶቹን የገደለውም እሱ ነው። የሚያጠጡት እውነተኛውን መርዝ መሆኑን ከዚያ ሁሉ ሰው የሚያውቅ የለም።

«ተዉት! ውሃውን አታጠጡት!» ጫንያለው ሰው እየገፋ ገባ። «ብርብራ አይደለም! ብርብራ በሬ አይገድልም!»

«በዝቶ ከሆነስ?» አለ አንዱ።

«ኬሻ ሙሉ ተገኝቶበታል!»

«ለችግኝ ነው! ለቡና ጥላ የሚፈላ ችግኝ ነው፣ ሁላችሁም ታውቃላችሁ።»

«እኔን ግን በብርብራ አጠመድክ ብሎ መረቤን ያስቀማኝ እሱ ነበር» አለ ሌላ። «ሌላውን ከልክሎ ለራሱ ሊያደርገው ኖሯል!»

«አንተስ ማን ሆነህ ነው? ከኪራሙ መጥተህ ልትፈርድብን?»

አንድ ቡጢ ጆሮው ሥር አረፈ። ጫንያለው ተንገዳገደ፣ በጉልበቱ ጭቃው ውስጥ ወደቀ። ቀና ሲል መቅዘፊያው ወደ ላይ ወጥቶ ነገራ ጎን ላይ ሲወርድ አየ። እርጥብ ድምፅ ነበረው። ደራርቱ ሁለት ሴቶች ጠፍረው ይዘዋት የወንድሟን ስም እየጠራች ትጮኻለች። ነገራ ግን አይጮህም። ምንም አይናገርም። የቀረው አንድ ዓይኑ ጫንያለውን አገኘውና ራሱን በጥቂቱ ነቀነቀ፤ «ተው» የሚል ይመስል ነበር። ጫንያለው ግን «አድነኝ» ብሎ አነበበው።

ከቆርቆሮው ቤት ደጃፍ ቀነአ ቆሟል። ዕድሜው ሃምሳን ያለፈ፣ የቀበሌው ሚሊሻ፣ ክላሹን በትከሻው ያነገተ። እዚያ መንደር ሰው የሚሰማው ቃል ያለው እሱ ነው። የፍተሻውን ወሬ አስቀድሞ ሰምቶ ቤት ለቤት ያስጠነቀቀ እሱ ካልሆነ ማን ሊሆን ይችላል? ከተነፉት ከብቶች ሁለቱ የእሱ የእርሻ በሬዎች ናቸው። ድብደባውን ያየዋል፤ አላዘዘም፣ አልከለከለምም።

ጫንያለው ከጭቃው ተነስቶ አጠገቡ ደረሰ። «ኦቦ ቀነአ፣ ጆሮዎን ይስጡኝ።»

«ተናገር።»

«ለእርስዎ ብቻ ነው።»

ቀነአ አንድ እርምጃ ወደ በሩ ገባ። ጫንያለው ተጠጋው፤ ላቡና የጠመንጃው ዘይት ሸተተው።

«ብርብራ ውሃ አያለመልምም። ይህንን ያደረገው ዳፕ ነው። ኬሻዎቹን ጅረቱ ዳር አይቻቸዋለሁ። ከየቤቱ ነው የወጡት። ዓሣውንም ከብቱንም የገደለው እሱ ነው።»

ቀነአ መጀመሪያ የሳቀ መሰለ። «ማዳበሪያ ያበቅላል እንጂ…» አለና አረንጓዴውን ውሃ አየ። ከውሃው ዓይኑ ወደ በሬዎቹ ሄደ። እዚያ ላይ ቆየ። ፊቱ ላይ የነበረው ቁጣ እንዳለ ቀረና ሌላ ነገር ተጨመረበት።

«ይህን ለማን ነገርክ?»

«ለማንም። ነገራ ከሞተ ግን ለሚጠይቀኝ ሁሉ እናገራለሁ። ለወታደሮቹ። ለጋዜጣም ቢሆን። ማስረጃው ውሃው ውስጥ ነው፤ እስከ ወዲያኛው ዓመት አይጠፋም።»

የክላሹ አፈሙዝ ጉሮሮው ሥር ገባ። ቀዝቃዛ ነበር። ቀነአ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ቃሉን አንድ በአንድ እየለየ ተናገረ። «ወታደር መጥቶ እነዚህን ሰዎች ሲያሰልፋቸው ማን እንደሚረሸን ታውቃለህ? ያ ጆግ የያዘው አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ደራርቱም ተሸክማለች። ኬሻ ያልተሸከመ ቤት የለም።»

«አውቃለሁ።»

«ታውቃለህ፣ ግን ትናገራለህ?»

«ይፍቱት» አለ ጫንያለው። ድምፁ አልተንቀጠቀጠም። ኪራሙ ላይ ወንድሙን የከበቡትም ሰዎች ምናልባት ድምፃቸው አልተንቀጠቀጠ ይሆናል የሚል ሐሳብ መጣበት፤ ገፍቶ አለፈው።

ቀነአ ጠመንጃውን ከጉሮሮው ነቅሎ በሰደፉ ደረቱን መታው። ጫንያለው ትንፋሹ ቆሞ ግድግዳው ሥር ተቀመጠ። ቀነአ ወጥቶ ወደ ሰማይ ተኮሰ፣ ደገመ። ከዳርቻው ጥንብ አንሳዎች ተነሱ።

«ፍቱት! ብርብራ አይደለም! መምህሩ አጣርቷል!»

ከፊሉ ቆመ። መቅዘፊያ የያዘው ሰው፣ ላሙን ያጣ፣ ዓይኑ ደም የለበሰ፣ አልሰማም፤ ወይም ሰምቶ አልቻለም። አንድ ጊዜ አሳረፈ። የነገራ ክርን ከግንዱ ጋር ተጣብቆ ነበርና አጥንቱ ሲሰበር እንደ ደረቅ እንጨት ጮኸ። ነገራ ያን ጊዜ ብቻ ድምፅ አወጣ። ቀነአ ሮጦ ሰውየውን በሰደፍ ጥርሱ ላይ መታው፤ ሰውየው በሁለት እጁ አፉን ይዞ ዓሣው መሃል ተንበረከከ።

ሕዝቡ ግን አልተበተነም። ቁጣው ማረፊያ አጥቶ ሲላወስ ይታያል፤ አሁን ደግሞ ቀነአን ራሱን ማየት ጀምሯል። ቀነአም ይህን አየ።

«ጀልባውን አቃጥሉ!» ብሎ ጮኸ። «ማጥመድ ከዛሬ ወዲያ የለም! መረቡንም፣ ጠርሙሶቹንም፣ ሁሉንም!»

ሰው ካልተሰጣቸው ሌላ ነገር ማግኘት ነበረባቸው። ወደ ጀልባው ሮጡ። ነጭ ጋዝ ከየት እንደመጣ አይታወቅም፤ ነበልባሉ ወዲያው ተነሳ። የጫንያለው ጠርሙሶች እሳቱ ውስጥ እየፈነዱ ይንጣጡ ነበር። ደራርቱ በቢላዋ ገመዱን ቆረጠች። ነገራን ሞተሩ ላይ በእሷና በባለሞተሩ መሃል አጣብቀው ሲያስቀምጡት እግሩ አልታዘዝ አለው። ጫንያለው በእግሩ ከኋላቸው ሊከተል ሲነሳ ቀነአ መንገዱን ዘጋበት።

«ባርሲሳ፣ እዚህ ሁለተኛ አትምጣ። ሌላ ሰው አይደለም የሚገድልህ፤ እኔ ነኝ።» ከዚያ ፊቱን ወደ እሳቱ አዙሮ፣ ለራሱ እንደሚናገር፣ «በሬዎቼን ራሴ ነኝ የገደልኳቸው ማለት ነው?» አለ። ጫንያለው ሞተሩ የሄደበትን የጭቃ መንገድ ተከትሎ ወጣ።

ነቀምቴ ሆስፒታል አልጋ ላይ ነገራ ለብዙ ጊዜ በሁለት ነገር ተሠቃየ። ክርኑ ውስጥ ብረት ገባ፤ ያ ይድናል ተባለ። የጠጣው ውሃ ግን ቆዳውን ቢጫ አደረገው፣ ያገኘውን ሁሉ ያስመልሰው ጀመር። ሜቲ በተረኛነቷ ቀን ሁሉ አጠገቡ ናት፤ ተረኛ ባልሆነችበትም ትመጣለች። ጫንያለው ከትምህርት ቤት በቀጥታ ይመጣል፣ ሾርባ ያመጣለታል። ነገራ ይጠጣል። ሐኪሙ ጉበቱ እየተመለሰ ነው ባለ ማግስት ከሰዓት ላይ ነገራ ትራሱ ላይ ከፍ አድርገው እንዲያስቀምጡት ጠየቀ። ደራርቱ ከአልጋው ግርጌ ነበረች።

«ለቀነአ በጆሮው ምን አልከው?»

ጫንያለው ነገረው። ኬሻዎቹን ማየቱን፣ ያለውን ቃል፣ የቀነአን መልስ፤ ምንም አልሸሸገም።

«ለወታደሮቹም እነግራለሁ አልከው?»

«አልኩት።»

«ታደርገው ነበር?»

ማስፈራሪያ ብቻ ነበር ማለት ይችል ነበር። ደራርቱ ያንን እንዲል በዓይኗ ትለምነዋለች። ጫንያለው ግን በዚያች ጀልባ ላይ ለነገራ ውሸት ተናግሮ አያውቅም።

«አንተ ከሞትክ፣ አዎ፣ አደርገው ነበር።»

ነገራ ጤነኛውን ዓይኑን ጨፈነ። «እኔም አንድ ኬሻ ደፍቻለሁ» አለ። «እኔና ደራርቱ ነን ተሸክመን ያወረድነው። ውሃው ሲለመልም ወዲያው ገባኝ። ስንት ዓመት ጆሮዬ ላይ ስትጮህበት የኖርከው ነገር እኮ ነው። እነሱ አላወቁም። ከምራቸው ብርብራ መስሏቸው ነው የመቱኝ። የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ።»

«ታዲያ ለምን አልተናገርክም? አንድ ቃል እኮ…»

«ከዚያ ሁሉ ሰው መሃል የማን ጆሮ ለማን እንደሚያደርስ አውቃለሁ? ያ ቃል አንዴ ከወጣ መንደሩን ማን ይመልሰዋል? እየመቱኝ አሰብኩት። አንተ ስትመጣ ደግሞ ተው አልኩህ፤ ራሴን ነቅንቄ ምልክት ሰጠሁህ።»

«ልትሞት ነበር።»

«አዎ። የእኔ ሞት ነበር፣ እኔ ነኝ የመረጥኩት። አንተ መጥተህ መንደሬን በሙሉ በእኔ ነፍስ አስያዝክ። አሁን ቀነአ የኔን ደጃፍ ባየ ቁጥር ያንተን ቃል ይሰማል። እኔ እዚያ ነው የምመለሰው፣ ጫኔ። ከእነሱ ጋር ነው የምኖረው።»

ነገራ በስሙ ጠርቶት አያውቅም፤ ባርሲሳ ነበር የሚለው። ጫንያለው ስለ ተረፈ ሊነግረው አሰበ። መንገድ ተዘግቶ መናኸሪያ ቆሞ ስለቀረበት ቀን፣ ሁለተኛ እንደዚያ ቆሞ መቅረት እንደማይችል ሊነግረው አሰበ። ነገራ ግን ይህንን ሁሉ ያውቀዋል። ጀልባውን ዝም ብሎ ያንሳፈፈለት እሱ አይደል?

«ደራርቱ» አለ ነገራ፣ «ወደ ግድግዳው አዙሪኝ።»

ደራርቱ ጫንያለውን አየችው፣ ወንድሟን አየችው። ከዚያ እጇን ከትከሻው ሥር አስገብታ፣ ክርኑን እየተጠነቀቀች፣ ቀስ ብላ አዞረችው። የሆስፒታሉ ሸሚዝ ከኋላ ክፍት ነበርና መቅዘፊያው ያረፈባቸው ቦታዎች አንዱ በአንዱ ላይ ተነባብረው፣ ዳር ዳራቸው ወደ ቢጫ እየተለወጠ፣ ታዩት። ጫንያለው የሾርባውን ቴርሞስ ሳጥኑ ላይ አስቀመጠ። መሄድ እንዳለበት ያውቃል። ወንበሩን ወደ አልጋው አስጠግቶ ተቀመጠ፤ ነገራም ተነስ አላለውም፣ ዞሮም አላየውም።